ላባ ወይስ ፕላስቲክ? አዳኞችን ለሁለት የከፈለው የፍላጻ ጭራ

ሦስት ትንንሽ ክንፎች ናቸው፤ ሦስቱም ተደምረው ሁለት ግራም አይሞሉም፤ የአደኑን ውጤት ግን ይለውጣሉ

«ሪጎሬ ዕድል ነው» የሚል ደጋፊ ካለ እስኪ ይቺን ይስማ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች የቀስት ውድድር ፍፃሜ ላይ ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዉጂን እና አሜሪካዊው ብራዲ ኤሊሰን ተፋጠጡ። አምስት ዙር ወርውረው 5 ለ 5 ሆኑ። እንደ ኳሱ ሁሉ እዚህም መለያ አለ፤ ያውም አንድ አንድ ምት ብቻ! ሁለቱም ከ70 ሜትር ርቀት ላይ ፍላጻቸውን ለቀቁ፤ ሁለቱም አስር ቁጥርን መቱ። ያኔ መለኪያ ወጣ። የኪም ፍላጻ ከመሃል ነጥቡ 55.8 ሚሊ ሜትር፣ የኤሊሰን ደግሞ 60.7 ሚሊ ሜትር ርቃ ተገኘች። ልዩነቱ 4.9 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም። ወርቁ ወደ ሴኡል በረረ፤ ኤሊሰን ብር አንጠልጥሎ ወጣ።

እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው ቀስቱ ላይ፣ የሰውየው ፊት ላይ፣ ከዚያም ዒላማው ላይ ነው። የፍላጻዋን ጭራ ልብ ብሎ የሚያይ የለም። ቀስተኞቹ ግን ያያሉ። በተለይ በአሜሪካ ጫካዎች ውስጥ ቀስት ይዘው አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች በዚህች ጭራ ጉዳይ ሲከራከሩ ብትሰማ፣ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ይመስልሃል። አንዱ ወገን «ከላባ ወዲያ ላሳር!» ይላል። ሌላው «ላባ የአያቶቻችን ነው፣ ዘመኑ የፕላስቲክ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ክርክሩ የቀልድ እንዳይመስልህ። በኦሊምፒክ ሜዳ ፍላጻዋ ብትስት የሚጠፋው ሜዳሊያ ነው፤ ወረቀቱ አይደማም። ጫካ ውስጥ ግን ፍላጻዋ አንድ ስንዝር ከሳተች አጋዘኑ ሳይሞት ቆስሎ ይሮጣል፤ የሆነ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ሰዓታትን ይሰቃያል፤ አዳኙም የደም ጠብታ እየተከተለ ሲዞር ይመሻል። የመልስ ጨዋታ የለም፣ ቫርም የለም። እናም ጥያቄው ይሄ ነው፦ ያቺን አንድ ምት ቀጥ አድርጎ የሚያደርሰው የቱ ነው?

ጭራው ሥራው ምንድን ነው?

ኳስ የሚወድ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሊዮኑን ጁኒንሆ ፐርናምቡካኖ አስታውስ። ሰውየው አንዳንድ ቅጣት ምቶቹን የሚመታው ኳሷ እንዳትሽከረከር አድርጎ ነበር። የማትሽከረከር ኳስ አየር ላይ ትዋዥቃለች፤ በረኛው ወደ ቀኝ ሲያስብ እሷ ወደ ግራ ትሄድበታለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ላይ የቀረበችው ስምንት ቁራጭ ጃቡላኒም እንዲሁ በረኞችን አስመርራለች። ኳስ ጭራ የላትም፤ ከተለቀቀች በኋላ የሚያርማት የለም።

ፍላጻ ግን አራሚዋን ከኋላዋ ይዛ ነው የምትሄደው። አውታሩ ሲለቀቅ ፍላጻዋ ከኋላ በኃይል ስለምትገፋ ቀጥ ብላ አትወጣም፤ ትታጠፋለች። በዝግታ በሚያሳይ ካሜራ ካየሃት እንደ አሳ ግራና ቀኝ እየተጥመለመለች ነው የምትሄደው። ከኋላዋ ያሉት ክንፎች አየሩን ይዘው ጭራዋን ወደ ኋላ ይጎትቱታል፤ ጭራዋ ወደ ጎን ልውጣ ስትል አየሩ መልሶ ወደ መስመሯ ይገፋታል። ክንፎቹ ትንሽ ዘወር ተደርገው ከተጣበቁ ደግሞ ፍላጻዋ እየተሽከረከረች ትሄዳለች፤ መሽከርከሩ ራሱ ያረጋጋታል።

ብዙውን ጊዜ ክንፎቹ ሦስት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያል። እሱ እንደ ካፒቴን ነው፤ ቀስተኛው ፍላጻዋን አውታሩ ላይ በየት በኩል ማስገባት እንዳለበት በሱ ያውቃል።

እንግዲህ ዘዴው ሁሉ ያለው አየር በመያዝ ላይ ነው። ብዙ አየር ከያዝክ ፍላጻዋ ቶሎ ትስተካከላለች፤ ግን ፍጥነቷን ቶሎ ትጨርሳለች። ትንሽ አየር ከያዝክ ፍጥነቷን ይዛ ትሄዳለች፤ ግን ለመስተካከል ጊዜ ይወስድባታል። የላባና የፕላስቲክ ክርክር በአብዛኛው የሚዞረው በዚህችው ሒሳብ ዙሪያ ነው።

ላባ፦ ይቅር ባዩ

ላባ የታሪክ ባለቤት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1417 ለፍላጻ ሥራ ከየዝይዋ ስድስት ስድስት የክንፍ ላባ እንዲሰበሰብ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ሮጀር አስካም የተባለው እንግሊዛዊ መምህርም እ.ኤ.አ. በ1545 ባሳተመው የቀስት መጽሐፉ የዝይን ላባ አወድሶ ጽፏል።

የአሜሪካ የቀስት አደን ታሪክ ደግሞ ኢሺ ከሚባል ሰው ጋር የተያያዘ ነው። ከያሂ ሕዝብ የተረፈ የመጨረሻው ሰው እንደሆነ የተነገረለት ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተባለች ከተማ አጠገብ ብቅ አለ። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተወስዶም በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ኖረ። ሳክስተን ፖፕ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ቀስት መሥራትንና ማደንን ከሱ ተማረ። ኢሺ ላባውን ፍላጻው ላይ የሚያስረው በአጋዘን ጅማት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ የተማረውን እ.ኤ.አ. በ1923 በመጽሐፍ አወጣው፤ ያ መጽሐፍም ብዙ አሜሪካዊን ቀስት አስያዘ። ዛሬ አንድ የአሜሪካ ቀስት አዳኞች ማኅበር በፖፕና በጓደኛው በያንግ ስም ይጠራል።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የፍላጻ ላባ በአብዛኛው ተርኪ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ክንፍ የሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትባት ነገር አለች። የግራ ክንፍ ላባና የቀኝ ክንፍ ላባ ጉብጠታቸው ተቃራኒ ነው። አንድ ፍላጻ ላይ ሁለቱን ከቀላቀልክ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ላሽከርክር ይላል፤ ሁለት አሰልጣኝ ያለው ቡድን ማለት ነው። ወይ ሦስቱም ከግራ፣ ወይ ሦስቱም ከቀኝ መሆን አለባቸው።

የላባ ትልቁ ጥቅሙ ምንድን ነው ካልክ፣ ስህተትን ይቅር ማለቱ ነው። በድሮው ዓይነት የእንጨት ቀስት ፍላጻዋ የምታርፈው እጀታው ላይ ባለች ጠባብ መደገፊያ ወይም በቀስተኛው እጅ ላይ ነው። ስትወጣ ክንፎቿ እጀታውን ይነካሉ። ላባ ሲነካ ተኝቶ ያልፍና ወዲያው ይነሳል። ፕላስቲክ ግን ደረቅ ስለሆነ ይገፈተራል፤ ጭራዋን አንድ ጊዜ ወደ ጎን ከመታት ፍላጻዋ ገና ከቀስቱ ሳትርቅ ተበላሽታለች። ልክ ኳሷ እግር ላይ ስትደርስ ጉብታ ነክታ እንደምትነጥረው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ላባ ቀላል ነው። አራት ኢንች የሚረዝሙ ሦስት ላባዎች ክብደታቸው ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸው ሦስት ፕላስቲኮች ግን ወደ አንድ ግራም ተኩል ይጠጋሉ። «አንድ ግራም ምን ታደርጋለች?» እንዳትል። የአደን ፍላጻ ራሱ ሠላሳ ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ግራም ከጭራው ሲቀነስ ሚዛኑ ወደ ፊት ያደላል፤ ግንባሩ የከበደ ፍላጻ ደግሞ የተሻለ ይረጋጋል።

ሦስተኛ፣ የላባ ገጽታ ሻካራ ነው፤ አየርን ይይዛል። ስለዚህ ፍላጻዋ ከቀስቱ በወጣች በጥቂት ሜትር ውስጥ ቀጥ ትላለች። አጭር ርቀት ላይ ይሄ ወርቅ ነው።

ጉዳቱስ? ዝናብ! የረጠበ ላባ እንደራሰች ዶሮ ይሆናል፤ ይከብዳል፣ ተጣብቆ ይተኛል፣ አየር መያዙን ይተዋል። አዳኞች ውሃ የሚከለክል ዱቄት ይነሰንሱበታል፣ ፈሳሽ ይረጩበታል፤ ለካፊያ ይበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚወርድ ዶፍ ግን አስተማማኝ አይደለም። ላባ ሲበርም ይጮኻል፤ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። ቶሎም ያልቃል። ሆኖም የተጨማደደ ላባን ከሚፈላ ጀበና በሚወጣ እንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብትይዘው ይነሳል። ፕላስቲክም ሲጎብጥ በፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ይመለሳል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል አቻ ናቸው።

ፕላስቲክ፦ ዝናብ የማይበግረው

ፕላስቲክ ገበያውን እንዲይዝ የረዳው ሌላ ፈጠራ ነው። ሆለስ ዊልበር አለን የተባለ አሜሪካዊ ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር ያለው «ኮምፓውንድ» ቀስት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1966 የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1969ም ተፈቀደለት። ይህ ቀስት ፍላጻን ከድሮዎቹ በብዙ ፍጥነት ይልካል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፍላጻዋ ስትወጣ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያሳልፍ ማሳረፊያ መጣ። ክንፉ የሚነካው ነገር ሲጠፋ «ላባ ተኝቶ ያልፋል» የሚለው ትልቁ መከራከሪያ ለኮምፓውንድ ባለቤቱ ብዙም ትርጉም አጣ።

ያኔ የፕላስቲክ ጥቅሞች ጎልተው ወጡ። ውሃ አይገባውም፤ ሌሊቱን ጤዛ ውስጥ ቢያድር፣ ቀኑን ዝናብ ቢመታው ያው ነው። ከፋብሪካ ስለሚወጣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ሲበር ከላባ ያነሰ ድምፅ አለው። ወደ ሁለት ኢንች ብቻ የሚረዝሙ፣ ግን ቁመታቸው ከፍ ያለና ጠንካራ የሆኑ አጫጭር ክንፎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ክብደቱም ቀንሷል። ለስላሳ ስለሆነ አየር ብዙ አይጎትተውም፤ ራቅ ያለ ርቀት ላይ ፍጥነቱን ከላባ በተሻለ ይዞ ይቆያል።

ጉዳቱ ግትርነቱ ነው። የሆነ ነገር ከነካ ይቅርታ አያውቅም። ማሳረፊያው ትንሽ ከተዛነፈ፣ ወይም አዳኙ ፕላስቲክን ያለ ማሳረፊያ በሚሠራ የእንጨት ቀስት ላይ ልሞክር ካለ፣ ፍላጻዋ ጭራዋን እየቆላች ትሄዳለች።

«የቱ ይሻላል?» ለሚለው የማያዳግም መልስ የሚሰጡት ራሳቸው የውድድር ቀስተኞቹ ናቸው። ውጪ በ70 ሜትር ሲወረውሩ አብዛኞቹ ጥምዝ ያለች፣ ቀጭንና ቀላል የፕላስቲክ ክንፍ ይጠቀማሉ። ክረምት ሲገባ ወደ አዳራሽ ይገባሉ፤ ርቀቱ 18 ሜትር ይሆናል። ያኔ ከነሱው ብዙዎቹ ወፍራም ፍላጻ ላይ ረጃጅም ላባ ለጥፈው ይመጣሉ። ሰውየው ያው ነው፣ ዓይኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ሜዳው ነው። ጭቃ ሜዳ ላይ ረጅም ብሎን ያለው ታኬታ፣ ደረቅ ሜዳ ላይ አጭሩን እንደምታደርገው ማለት ነው። «የትኛው ታኬታ ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅህን ሰው መጀመሪያ «የት ነው የምትጫወተው?» ትለዋለህ።

የተዘነጋው ሦስተኛው ተጫዋች

አዳኞች ላባና ፕላስቲክ እያሉ ሲከራከሩ የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ የፍላጻዋን ጫፍ። ለልምምድ የሚጠቀሙበት ጫፍ እንደ ጥይት ድብልብል ነው። ለአደን የሚገባው ግን ስለት ያለው ሰፊ ምላጭ ነው። አጋዘንን የሚገድለው ግጭቱ ሳይሆን ስለቱ ሳንባውን ወይም ልቡን ቆርጦ የሚያፈሰው ደም ነውና ስለት የግድ ነው።

ነገር ግን ያ ሰፊ ምላጭ አየር ላይ ራሱ ክንፍ ይሆናል፤ ያውም ከፊት ለፊት! የኋላው ክንፍ «ቀጥ በይ» ሲላት የፊቱ ምላጭ «በዚህ እንሂድ» ይላታል። የኋላው ካላሸነፈ ፍላጻዋ ከመስመሯ ትወጣለች። በድብልብሉ ጫፍ ሲለማመድ ሰንብቶ የአደኑ ቀን ምላጭ የሚገጥም አዳኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሸራ ጫማ ልምምድ ሠርቶ ለደርቢ አዲስ ታኬታ እንደሚያደርግ ተጫዋች ነው። ሲበር ታጥፎ የሚቆይና ሲመታ የሚከፈት ምላጭም አለ፤ እሱ ይህን ችግር ይቀንሰዋል፣ ሆኖም ለመከፈት ከፍላጻዋ ጉልበት የተወሰነውን ይበላል።

ስለዚህ ሰፊና የማይታጠፍ ምላጭ የሚጠቀም ሰው ከኋላ በዛ ያለ ክንፍ ያስፈልገዋል። ላባ ከሆነ አራት ወይም አምስት ኢንች የሚረዝም፣ ፕላስቲክ ከሆነም ከፍ ያለና ዘወር ተደርጎ የተጣበቀ።

ይህን በግምት ማወቅ አያስፈልግም። አዳኞች ወረቀት በፍሬም ይወጥሩና ጥቂት ሜትር ርቀው ፍላጻ ያሳልፉበታል። ቀዳዳው ክብ ሆኖ በዙሪያው ሦስት የክንፍ ጭረት ብቻ ካለው ፍላጻዋ ቀጥ ብላ እየበረረች ነው። ወረቀቱ ወደ ጎን ከተቀደደ ግን ጭራዋ እየወጣ ነው፤ ችግሩ ከቀስቱ፣ ከማሳረፊያው፣ ከክንፉ ወይም ከእጁ መሆኑን መፈለግ የሱ ፈንታ ነው። ከዚያ በኋላ በአደኑ ምላጭና በአደኑ ርቀት ዒላማ ላይ መሞከር ነው። ወረቀቱ ለማንም አያዳላም፤ የላባም የፕላስቲክም ደጋፊ አይደለም።

አጋዘኑም በረኛ ነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሪጎሬ ከ11 ሜትር ይመታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትምዘገዘግ ኳስ መስመሩ ላይ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። በረኛው ያቺን ያህል ጊዜ ብቻ አለው፤ ያም ሆኖ አንዳንዱን ያድናል።

በሰከንድ 85 ሜትር ገደማ ከሚልክ ኮምፓውንድ ቀስት የወጣች ፍላጻ 27 ሜትር ርቆ ወደ ቆመ አጋዘን ለመድረስ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ከሪጎሬዋ ብዙም አትለይም። ነገር ግን ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዛል። የአውታሩ ጩኸት ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጆሮው ይደርሳል ማለት ነው። የነቃ አጋዘን ድምፁን ሲሰማ ለመፈትለክ እግሩን አጥፎ ዝቅ ይላል። እያመለጠ ያለው ከፍላጻዋ አይደለም፤ ገና ለመሮጥ እየተዘጋጀ ነው። ፍላጻዋ ግን እሱ ዝቅ ባለበት ሰዓት ስትደርስ ሳንባው የነበረበት ቦታ ላይ ጀርባው ተተክቶ ይጠብቃታል። ወይ ትስታለች፣ ወይ ታቆስለዋለች።

የላባ ደጋፊው «የኔ ቶሎ ቀጥ ትላለች» ይላል፤ እውነቱን ነው። የፕላስቲክ ደጋፊው «የኔ ድምፅ የላትም» ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው። ነገር ግን አጋዘኑን በመጀመሪያ የሚያስደነግጠው ቀስቱ ራሱ ነው። የቱንም ክንፍ ብትለጥፍ በዚያች አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ላይ የምታመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ጊዜዋን በእርግጥ የሚያሳጥራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቅረብ። በሰከንድ 55 ሜትር ገደማ የሚልክ የእንጨት ቀስት የያዘ ሰው 18 ሜትር ድረስ ከቀረበ ፍላጻው የሚፈጅባት ጊዜ ባለ ኮምፓውንዱ ከ27 ሜትር ሲለቅ ከሚፈጅባት ጋር እኩል ነው። ዘጠኝ ሜትር መቅረብ የዘመናዊውን ቀስት ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ

የእንጨት ወይም የድሮ ዓይነት ቀስት ያለው፣ ያለ ማሳረፊያ የሚወረውር፣ ሃያ ሜትር አካባቢ ድረስ ቀርቦ የሚለቅ አዳኝ ላባ ይለጥፍ። ይሄ ክርክር የለውም።

ኮምፓውንድ የያዘ፣ ማሳረፊያው ዝቅ ብሎ የሚያሳልፍለት፣ ዝናብና ጤዛ በበዛበት አገር ራቅ ካለ ቦታ የሚወረውር አዳኝ ፕላስቲክ ይለጥፍ። ይሄም ክርክር የለውም።

በመሃል ያለው፣ ማለትም ኮምፓውንድ ይዞ በደረቅ አገር በአጭር ርቀት ሰፊ ምላጭ የሚወረውረው፣ ሁለቱንም ወረቀቱ ላይ አሳልፎ ቀዳዳውን አይቶ ይምረጥ። ጓደኛው ምን ይጠቀማል ብሎ ሳይሆን፣ ቀዳዳው ምን ይላል ብሎ።

ሌላው ሁሉ የደጋፊ ጩኸት ነው። ኤሊሰን በፓሪስ 4.9 ሚሊ ሜትር ተበልጦ ፈገግ ብሎ የኪምን እጅ ይዞ ወደ ላይ ሲያነሳ ዓለም አጨበጨበለት። ከዒላማ ጋር የሚደረግ ጨዋታ እንዲህ ያምራል። አጋዘኑ ግን ሜዳ ግባ ብሎ የጠራው የለም፤ እጅም አይጨብጥም። ስለዚህ «ከዚህ ርቀት እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ አውታሩን ቀስ አድርጎ የሚመልስ አዳኝ፣ ክንፉ ላባም ይሁን ፕላስቲክ፣ ያን ቀን ከሁሉም የተሻለውን ውሳኔ ወስኗል። ፍላጻዋ ኮሮጆዋ ውስጥ ናት፤ ነገም ሌላ ጨዋታ አለ።